መንጠቆ ከመወርወራችሁ በፊት፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ዓሣ ናቸው። ስለ ጉላሽና ስለ ለብለብ አይደለም፣ ስለ ማጥመድ ነው። ቅዳሜና እሁድ ከከተማ ወጥቶ ውሃ ዳር መቀመጥ የሚወዱ ሰዎች እየበዙ መሆኑ ደስ ይለኛል፤ እኔም ከነሱ አንዱ ነኝ። ግን ከጥያቄዎቹ እንደማየው ብዙዎቻችን ዘንጉን የምንገዛው ፈቃዱን ከማሰባችን በፊት ነው። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ሙሉ ለሙሉ ለዚሁ ሰጥቼዋለሁ።

«ሥራዬ ፒያሳ ነው። ዘንግና መንጠቆ ገዝቻለሁ። የማጠምደው ለመዝናናት ብቻ ነው። ፈቃዱን አዲስ አበባ ውስጥ የት ላውጣ? አንዴ ካወጣሁ ሁሉም ሐይቅ ላይ ይሠራል?»

እንደ መንጃ ፈቃድ የትም የሚሠራ አንድ ካርድ አይጠብቁ። ፈቃዱ የሚከተለው ውሃውን ነው። ነገሩ ከሕገ መንግሥቱ ይጀምራል። አንቀጽ 52 መሬትንና ሌላውን የተፈጥሮ ሀብት በፌዴራል ሕግ መሠረት የማስተዳደር ሥልጣን ለክልሎች ይሰጣል። ዓሣን በተመለከተ የፌዴራሉ ሕግ አዋጅ ቁጥር 315/1995 ነው። አዋጁ ጠቅላላውን መንገድ ያስቀምጣል። ዝርዝሩን፣ ማለትም የትኛው ቦታ ክፍት ነው፣ የትኛው ወር ዝግ ነው፣ ምን ያህል ይከፈላል የሚለውን የምታገኙት ውሃው ያለበት ክልል ዘንድ ነው።

ስለዚህ ባቱ (ዝዋይ)፣ ላንጋኖ ወይም ቢሾፍቱ ከሆነ የሚሄዱት ጥያቄዎ ለኦሮሚያ ነው። ጣና ከሆነ ለአማራ ክልል። ሀዋሳ ከሆነ ለሲዳማ። አርባ ምንጭ ከሆነ ለደቡብ ኢትዮጵያ ክልል። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ልብ በሉ። ሲዳማ ክልል የሆነው በ2012 ነው፤ ደቡብ ኢትዮጵያ ደግሞ በ2015። ቀድሞ «ደቡብ ክልል ጠይቅ» ያላችሁ ሰው ካለ መረጃው አርጅቷል።

በተግባር የሚቀለው ሐይቁ ያለበት ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት መሄድ ነው። እዚያ የዓሣ ባለሙያ አገናኙኝ ይበሉ። ሦስት ነገር ይጠይቁ። ለመዝናኛ ማጥመድ እዚህ በምን ሁኔታ ይፈቀዳል? የተከለለ ቦታ ወይም የተዘጋ ወቅት አለ? ክፍያ ካለ ለማን ይከፈላል፣ ደረሰኙስ?

ሦስተኛው ላይ አጥብቄ የምናገረው ስለደረሰብኝ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሐይቅ ዳር አንድ ወጣት መጥቶ «የማጥመጃ ፈቃድ» ብሎ ገንዘብ ተቀበለኝ። ደረሰኝ አልጠየቅኩም። ሰዓት ሳይሞላ የአስጋሪዎች ማኅበር አባላት በጀልባ መጡ። ወጣቱን አያውቁትም። የቆምኩት ደግሞ እነሱ መረብ የጣሉበት ቦታ ላይ ነበር። አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ይሄ ውሃ እኮ እርሻችን ነው» አሉኝ። አልተቆጡም። እኔ ግን አፈርኩ፤ የሰው ማሳ ውስጥ ገብቼ የቆምኩ ነው የመሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ጽሕፈት ቤቱን ብቻ ሳይሆን ማኅበሩንም ሳልጠይቅ መንጠቆ አልጥልም። የት ብቆም መረባቸውን እንደማልነካ ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

«ላንጋኖ የያዝነው ሎጅ የራሱ የሐይቅ ዳርቻ አለው። የአሥር ዓመት ልጄ እዚያው በመንጠቆ ቢሞክር ችግር አለው?»

ዳርቻው የሎጁ ይሁን እንጂ ሐይቁ የሎጁ አይደለም። እንግዳ ተቀባዩን «ልጄ መንጠቆ ቢጥል ይፈቀዳል?» ብለው ይጠይቁ፤ የአካባቢውን ደንብ ያውቁታል፣ ካላወቁም ደውለው ያጣራሉ። ከተፈቀደ ልጁን እሾህ (ጫፉ አጠገብ ወደ ኋላ የዞረችው ሹል) የሌለው መንጠቆ ያስይዙት፤ ወይም እሾህዋን በጉጠት ጨፍልቀው ይስጡት። ለጣቱም ለዓሣዋም ይሻላል።

«እዚሁ ከተማ ውስጥስ? ቀበና ወንዝ፣ ወይም ገፈርሳና ለገዳዲ?»

የከተማችን ወንዞች ቆሻሻና ፍሳሽ ተሸክመው ነው የሚወርዱት። ከቀበናም ሆነ ከባንተይቀጡ የወጣ ነገር አፋችሁ እንዲደርስ አልፈልግም። ገፈርሳና ለገዳዲ ደግሞ የምንጠጣው ውሃ የሚጠራቀምባቸው ግድቦች ናቸው። እዚያ ሄዶ መንጠቆ መጣል አይታሰብ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ቆቃ እሄዳለሁ። አንዳንዴ ከምንበላው በላይ እይዛለሁ። አራት ኪሎ አካባቢ ምግብ ቤት ያለው ጓደኛዬ ከአንተ ልግዛ አለኝ። ትርፉን ብሸጥለት ምን አለበት?»

አለበት። አንድ ዓሣም ቢሆን ከሸጡ ለመዝናኛ ማጥመዱ ቀረ ማለት ነው። አዋጅ 315 ለንግድ የሚያጠምድ ሰው ፈቃድ እንዲኖረው ያስገድዳል። ከዚያም ሌላ ነገር አለ። እዚያ ሐይቅ ላይ በማኅበር ተደራጅተው፣ ግዴታ ገብተው የሚሠሩ አስጋሪዎች አሉ። ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በዚያ ነው። እርስዎ ደመወዝ አለዎት። ጓደኛዎ ከነሱ ይግዛ። ትርፉን ለጎረቤት ይስጡ፣ ወይም ከመጀመሪያውም የምትበሉትን ያህል ብቻ ይያዙ።

«አጎቴ ከአሜሪካ ይመጣል። እዚያ የማጥመጃ ፈቃድ አለው። አርባ ምንጭ ሄዶ ትልቁን ዓሣ መያዝ ይፈልጋል። የሱ ፈቃድ እዚህ ይሠራል?»

አይሠራም። እዚያም ቢሆን ፈቃዱን የሚሰጠው እያንዳንዱ ግዛት ለየራሱ ውሃ ስለሆነ አጎትዎ ነገሩን ቶሎ ይረዱታል።

ትልቁ ዓሣ የሚሉት ናይል ፐርች መሆን አለበት፤ ከመቶ ኪሎ በላይ ሊሆን የሚችል ዓሣ ነው። ጫሞ ላይ ግን ሁለት በር ማንኳኳት ሊኖርባችሁ ይችላል። የጫሞና የአባያ ውሃ ከፊሉ በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ወሰን ውስጥ ነው። ፓርክ ውስጥ በራስ ፈቃድ ዓሣ ማጥመድ አይቻልም። የፓርኩን አስተዳደር ማናገር ያስፈልጋል። ከፓርኩ ውጭ ባለው ውሃ ላይ ደግሞ ጥያቄው ለክልሉ ነው። ጀልባ የሚያከራዩት ሰዎች መስመሩ የት ላይ እንደሆነ ያውቃሉ፤ ቢሆንም አስቀድማችሁ በቃል ሳይሆን በወረቀት ጨርሱ።

አጎትዎን ስለ ሁለት ነገር ይንገሯቸው። አንደኛ፣ ጫሞ የዓዞ ሐይቅ ነው። «ዓዞ ገበያ» የሚባለው ቦታ ስሙን በከንቱ አላገኘም። አስጋሪዎች በዓዞ ሞተዋል። ውሃ ውስጥ ቆሞ ማጥመድ የለም፤ ዳር ላይ ቁጢጥ ብሎም ቢሆን አይሆንም። ሁለተኛ፣ የናይል ፐርች ትልልቆቹ በአብዛኛው እንስቶች ናቸው። ጫሞ ላይ ከመጠን በላይ በመጠመዱ ቁጥሩ ቀንሷል። ፎቶ ያንሱና ይልቀቋት። ይህን የሚያስገድድ ደንብ ባይኖርም እንኳ ለምናቸዋለሁ።

«ባሌ ውስጥ ትራውት የሚባል ዓሣ አለ ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?»

እውነት ነው። ከኬንያ መጥቶ ዌብን በመሳሰሉ የባሌ ቀዝቃዛ ወንዞች ውስጥ የተለቀቀ ዓሣ ነው። ቦታው ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ወይም አጠገቡ ስለሆነ ዲንሾ ያለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ሳይገቡ ወደ ወንዙ አይውረዱ። ወፍራም ጃኬት ይያዙ።

«የዐቢይ ጾም ሲገባ ከጓደኞቼ ጋር ሀዋሳ ሄደን ማጥመድ ልማዳችን ነው። ዘንድሮ አንዱ 'ጊዜው ጥሩ አይደለም' አለን። ለምን?»

ጓደኛችሁ ልክ ነው። ከጥያቄዎቹ ሁሉ ይሄኛው ነው ልቤን የነካው።

ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች ልተወው። ገበያው ግን የታወቀ ነው። ሁዳዴ ሲገባ የዓሣ ፈላጊ ይበዛል፣ ዓሣ ቤቶችም ይሞላሉ። ሀዋሳ ላይ ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) በብዛት የሚራባው ደግሞ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜና እንደገና በክረምቱ ነው። ፍላጎታችን ጣሪያ የሚነካው ዓሣው በሚራባበት ሰሞን ነው ማለት ነው።

ቆሮሶ እንዴት እንደምትራባ ላውራችሁ። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ውሃ፣ ዳር ላይ፣ አሸዋውን ቆፍሮ ጎጆ ያዘጋጃል። እናቲቱ እንቁላሏን ጥላ ከተዳቀለ በኋላ መልሳ በአፏ ትሰበስበዋለች። እስኪፈለፈል በአፏ ይዛ ትቆያለች። ግልገሎቹም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። በዚህ ጊዜ ያቺ ዓሣ በመረብ ወይም በመንጠቆ ከወጣች አፏ ውስጥ ያሉትን ትተፋለች። የያዛችሁት አንድ ዓሣ መስሏችኋል፤ ያጠፋችሁት ግን አፏ ውስጥ የነበሩትን ልጆቿንም ጭምር ነው።

ስለዚህ በእነዚያ ወራት ዳር ዳሩን ተዉት። ሀዋሳ መሄድ አትተዉ። አሞራ ገደል ሂዱ፣ ከአስጋሪዎቹ ጋር ተጨዋወቱ፣ አባ ኮዳዎቹን እዩ። የማጥመድ ጉዟችሁን ግን ወደ ኅዳር ወይም ወደ ግንቦት አዙሩት። የወረዳውን ባለሙያ ስትጠይቁም «የተዘጋ ወቅት አለ?» የሚለውን አትርሱ።

ጣና ላይ ደግሞ ነገሩ የባሰ ነው። እዚያ ካሉት በሌላ ዓለም የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎች አንዳንዶቹ በክረምት፣ ከሐምሌ ጀምሮ፣ ለመራባት ወደ ወንዞቹ ይወጣሉ፤ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ። በወንዝ አፍ ላይ ተሰብስበው ሲጠብቁ ለመረብ የተመቹ ናቸው። አንዳንዱም የብርብራ ፍሬ ፈጭቶ ውሃው ውስጥ ይበትናል። ብርብራ ትልቅ ትንሽ አይለይም፤ የነካውን ሁሉ ያሰክራል። መርዝና ፈንጂ በሕግ የተከለከሉ ናቸው። እንዲህ ሲደረግ ያየ ሰው ዝም ማለት የለበትም። በአዋጁ መሠረት የዓሣ ተቆጣጣሪዎች አሉ፤ ወረዳው ላይ ቢነገር ይደርሳቸዋል።

«ሰበታ ግቢ አለኝ፣ ትንሽ ኩሬ ቆፍሬያለሁ። ከባቱ ሐይቅ የያዝኩትን ዓሣ ከነሕይወቱ በጀሪካን አምጥቼ ብጨምረውስ?»

እባክዎ አያድርጉት። ዓሣን ከውሃ ወደ ውሃ ማዛወር ትንሽ ነገር ይመስላል። ባቱ ራሱ ምስክር ነው። አምባዛና ካርፕ የሐይቁ ተወላጆች አይደሉም፤ በሰው እጅ ነው የገቡት። ዛሬ ሐይቁን ሞልተውታል፤ ቆሮሶው ደግሞ እየቀነሰ ሄዷል። ኩሬዎ ክረምት ሞልቶ ቢፈስ ዓሣው የት እንደሚደርስ አይታወቅም። በሽታም አብሮ ይመጣል።

ዕድለኛ ነዎት ግን፣ መልሱ ጎረቤትዎ ነው። ብሔራዊ የዓሣና የሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ያለው እዚያው ሰበታ ነው። ሄደው ኩሬዎን ያስረዷቸው፦ ስንት ሜትር እንደሆነ፣ ውሃው ከየት እንደሚመጣ፣ ክረምት ይሞላ እንደሆነ። ለዚያ ቦታ የሚስማማውን ዝርያና ጫጩቱ የት እንደሚገኝ የሚነግሩዎት እነሱ ናቸው። ጀሪካኑን ለዚያን ቀን ያቆዩት።