የካክተስ ቡቃያ ለምን ይሞታል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የምኖረው አዳማ ነው። ዘመዴ ከውጭ የላከልኝን ልዩ ልዩ የካክተስ ዘር የጓሮ አፈርና ፍግ ቀላቅዬ ዘራሁት፤ በ10ኛው ቀን በቀለልኝ። ካክተስ የበረሃ ተክል ስለሆነ ፀሐይ ይወዳል ብዬ በረንዳ ላይ ባወጣው፣ በ2 ሳምንት ውስጥ ከፊሉ ቀልቶ ተጨማተተ፣ የቀረው ደግሞ ግርጌው ቀጥኖ ወደቀ። ስሕተቴ ምኑ ላይ ነው? ቁልቋልና ካክተስስ አንድ ናቸው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የገለጹልን ሁለት የተለያዩ ጉዳቶችን ነው። የቀሉትን የጎዳቸው ፀሐይ ሲሆን፣ ግርጌያቸው ቀጥኖ የወደቁትን ደግሞ የገደላቸው በአፈሩና በፍጉ ውስጥ የነበረ ፈንገስ ነው።

ካክተስ ድርቅ የሚችለው ካደገ በኋላ፣ በወፍራም ግንዱ ውኃ ማጠራቀም ሲጀምር ነው። የ2 ሳምንት ቡቃያ ግን ከሰሊጥ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ አረንጓዴ እንክብል ነው፤ አናቱ ላይ ያለው እሾህ ገና ለስላሳ ጭገር ይመስላል፣ ሥሩም ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ስለሚወርድ የአፈሩ ገጽ በደረቀ ጊዜ አብሮ ይደርቃል። በአሜሪካ አሪዞና ከ12 ሜትር በላይ የሚቆመው ሳጓሮ የተባለው ካክተስ እንኳ ልጅነቱን የሚያሳልፈው በሌላ ዛፍ ጥላ ሥር ተጠልሎ ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ 8 ዓመታት ከ4 ሴንቲሜትር ብዙም አያልፍም። የአዳማ ነፋስና የቀትር ፀሐይ ደግሞ ጠዋት የረጠበውን አፈር እስከ ምሳ ሰዓት አቧራ እንደሚያደርገው ለእርስዎ አንነግርም።

በሚቀጥለው ጊዜ ፍጉን ይተዉት። በእኛ አስተያየት አዳማ ለዚህ ሥራ የታደለች ከተማ ናት፤ ብሎኬት አምራቾች የሚጠቀሙበት ቀላልና ባለ ቀዳዳ ድንጋይ፣ ፑሚስ የሚሉት፣ ውኃ ይዞ አየርም ስለሚያሳልፍ ለካክተስ ዘር ተስማሚ ነው። በወንፊት ነፍተው ብናኙን ካጠቡለት በኋላ፣ 3 እጅ ፑሚስ ከ1 እጅ የተነፋ አፈር ጋር ደባልቀው ለግማሽ ሰዓት ያህል በእንፋሎት ያብስሉት። ሲቀዘቅዝ ሥሩ የተበሳ ዕቃ ውስጥ ይጨምሩና ዘሩን ከላይ በትነው በጣትዎ ጫን ያድርጉት፤ አብዛኛው የካክተስ ዘር የጤፍ ያህል ስለሆነና ለመብቀልም ብርሃን ስለሚፈልግ አፈር አያልብሱት። ዕቃውን ተፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ አቁመው ገጹ እስኪጠቁር ይጠብቁ፤ ከዚያም አውጥተው አንጠፍጥፈው በግልጽ ላስቲክ ይሸፍኑትና ብርሃን እንጂ ቀጥተኛ ፀሐይ በማያገኝበት መስኮት አጠገብ ያስቀምጡት። ላስቲኩ ፀሐይ ካገኘው ቡቃያው ይቀቀላል። ሙቀቱ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሆነ ብዙው ዘር ከ1 እስከ 3 ሳምንት ውስጥ ይበቅላል።

ዋናው ትዕግሥት የሚጠየቀው ከዚህ በኋላ ነው። ከ1 ወር ተኩል ገደማ በኋላ ላስቲኩን በመርፌ ቀዳዳ በቀዳዳ እያደረጉ፣ በ2 ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ይክፈቱት፤ በአንድ ቀን የተገለጠ ቡቃያ ብዙ ጊዜ አይተርፍም። የአፈሩ ገጽ አረንጓዴ ሽበት ካወጣ እርጥበቱ በዝቷልና ቶሎ ያናፍሱት። ቡቃያዎቹ የአተር ፍሬ ሲያህሉና መጨናነቅ ሲጀምሩ ለየብቻ ይተከላሉ፤ ይህም ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ይፈጃል። ፀሐይም በጠዋቱ ጨረር ብቻ ይጀመር።

አሁን በእጅዎ ካሉት ውስጥ የወደቁት አይነሡም፤ ቶሎ ለቅመው ያውጧቸው። ቀልተው ያልደረቁት ግን ጥላ ካገኙ ወደ አረንጓዴነት ሊመለሱ ይችላሉ።

ሁለተኛውን ጥያቄዎን በተመለከተ፣ አገር በቀሉ ቁልቋል ካክተስ አይደለም። ሲቆረጥ የሚወጣው ነጭ ወተት ዓይን ክፉኛ ይጎዳል፤ የካክተስ እሾህ ደግሞ የሚወጣው ከትንንሽ ጸጉራም ትራሶች ላይ ስለሆነ ሁለቱን በዚህ መለየት ይቻላል። በአንጻሩ የባሕር ቁልቋል ወይም በለስ የምንለው፣ መነሻው አሜሪካ የሆነ እውነተኛ ካክተስ ነው። የእሱ ዘር ቅርፊቱ ጠንካራ በመሆኑ ለመብቀል ስለሚዘገይ፣ አንዱን ጠፍጣፋ አካል ቆርጠው ቁስሉ እስኪደርቅ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ጥላ ውስጥ አቆይተው ቢተክሉት ይቀልልዎታል።