የድሮ የወረቀት ብር ጥያቄና መልስ፦ ማተሚያው የሠራው ወይስ እጅ የሠራው?

መልስ ሰጪ፦ አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ የፊትም የጀርባም ፎቶ ላኩ። ብሩን አትጠቡት፣ በካውያ አትተኩሱት፣ በፕላስተር አትለጥፉት።

ከደብረ ብርሃን፦ ጋሼ፣ በ1945 እ.ኤ.አ. የወጣው የጃንሆይ ባለ 1 ብር ሦስት አለኝ። አንድ ዓይነት ስለሆኑ ሁለቱን ልሽጣቸው?

መልስ፦ ኧረ እንዳትሸጥ! በኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ስም የወጣው ያ ብር መልኩ ሳይለወጥ የሦስት የባንኩ ገዥዎች ፊርማ ተፈራርቆበታል፦ የብሎወርስ፣ የቤኔትና የሮዜል። ሥዕሉ አንድ ቢሆንም ለሰብሳቢ ሦስት የተለያዩ ብሮች ናቸው። ሦስቱን መስኮት አጠገብ ጎን ለጎን ዘርጋቸውና ፊርማውን በማጉያ መነጽር አንብብ። ከመለያ ቁጥሩ በፊት ያለውን ፊደልም ሳትረሳ መዝግብ። ፊርማውም ፊደሉም አንድ ከሆነ ያኔ የተሻለውን አስቀርተህ ሌላውን ሽጥ።

ከመሐል ሜዳ፦ 1969 የሚል ባለ 10 ብር አለኝ። የመጀመሪያው ኅትመት ነው ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። 1969 ብሩ የወጣበት ሕግ ዓመት ነው እንጂ የኅትመቱ አይደለም። በዚያው ዓመት ስም ለብዙ ጊዜ ታትሟል። ፊርማውን እይ ብያለሁ።

ከአንኮበር፦ በምኒልክ ዘመን የታተመ የወረቀት ብር አግኝቻለሁ፤ ስንት ያወጣል?

መልስ፦ ምኒልክ ያረፉት በ1913 እ.ኤ.አ. ነው፤ የአቢሲንያ ባንክ የወረቀት ገንዘብ መውጣት የጀመረው በ1915። ፎቶ የለም፣ ዋጋም የለም።

ከሸዋ ሮቢት፦ አንድ ነጋዴ መለያ ቁጥር የሌለው ብር አምጥቶ «የማተሚያ ስህተት ነው» ይለኛል። እንዴት ልለየው?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ቁጥሩ የሚታተመው ብዙውን ጊዜ መጨረሻ ላይ፣ ወረቀቱን ተጭኖ ነው። ስለዚህ ብሩን ገልብጠህ ብርሃን ከጎን አብራበት። ቁጥሩ ሊኖር በሚገባው ቦታ የተጫነ ምልክት ካየህ፣ ቁጥሩ ነበረ፤ ሰው አጥፍቶታል ማለት ነው። ቀጥለህ ፊቱን በማጉያ እይ፤ በኬሚካል ወይም በላጲስ የጠፋ ከሆነ የወረቀቱ ቃጫ ቆሞ ይታያል፣ ከሥሩ ያሉት ቀጫጭን መስመሮችም ይደበዝዛሉ። ማተሚያው የዘለለው ከሆነ ግን መስመሮቹ እንደ ሌላው ቦታ ጥርት ያሉ ናቸው። ሦስተኛው ምርመራ ሐሰተኛ ብር በሚለዩበት በአልትራቫዮሌት መብራት ነው። የብር ወረቀት ከጥጥ ስለሚሠራ በመብራቱ ሥር ጨለም ይላል፤ የተነካ ቦታ ግን እንደ እድፍ ተለይቶ ይወጣል። ብሩ በኦሞ ታጥቦ ከሆነ ሁለመናው ስለሚያበራ ይህ ምርመራ አይሠራም። አትጠቡ የምለው ለዚህም ጭምር ነው።

ከደብረ ሲና፦ የጣሊያን ሊሬ ከኢትዮጵያ ብር ጋር በአንድ አልበም ይቀመጣል?

ከአንኮበር፦ የወራሪ ገንዘብ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው!

ከደብረ ሲና፦ አያቶቻችን ቤት ሳጥን ውስጥ የሚገኘው እሱ ነው እኮ። «አፍሪካ ኦሪየንታሌ ኢታሊያና» (የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ) ተብሎ ለዚሁ አገር ተለይቶ የታተመ ነው።

ከአንኮበር፦ በግድ የተሰጠ ነው።

መልስ፦ ክርክሩን በቡና ሰዓት ጨርሱት። ልዩ ኅትመቱ ባለ 50፣ 100፣ 500 እና 1000 ሊሬ ነው። በሌላ ገጽ አስቀምጡት።

ከመሐል ሜዳ፦ የቆሸሸውን ብቻ ቀስ አድርጌ ባጥበውስ?

መልስ፦ ወንድሜ! አትጠበው። ዋናው ሥዕል የታተመው ቀለሙ በጣት እስኪዳሰስ ከፍ ብሎ ነው። ውኃና ካውያ ያንን ይደፈጥጡታል፤ ከጠፋ አይመለስም። ጉድፉ ዋጋ ይቀንሳል፤ መታጠቡ ግን የበለጠ ይቀንሳል።

ከደብረ ብርሃን፦ እህታችሁ ነኝ። በክረምቱ ጭጋግ ብሮቼ ይረጥቡብኛል። በምን ላስቀምጣቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ ሲነኩት የሚለሰልስና የፕላስቲክ ጠረን ያለው ማቀፊያ ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ነው፤ ውሎ አድሮ ያጣብቃል፣ ቀለምም ያነሳል። ጠጠር ያለና ሽታ የሌለው የፖሊስተር ማቀፊያ ግዢ፤ በአንዱ ኪስ አንድ ብር ብቻ። አልበሙን አቁመሽ አስቀምጪው፤ ከውጭ ግድግዳና ከምድጃ አርቂው። ከደጋ ወደ ቆላ ስትወርጂ ቦርሳውን ወዲያው አትክፈቺ። ብሩ ከክፍሉ ሙቀት ጋር እስኪስተካከል ጥቂት ሰዓት ይቆይ፤ አለበለዚያ ጤዛ ይቋጥራል።