ጥፋቱ የሚኒባሱ ሆኖ የሞተሬ ኢንሹራንስ ለምን ተወደደ? ላልከው ወንድማችን

ጥያቄህ ይህ ነው፦ ቡሬ መግቢያ ላይ አህዮች እስኪሻገሩ ቆመህ ሳለ ሚኒባስ ከኋላ ገጨህ፤ ሞተር ሳይክሉን በራስህ ሙሉ ኢንሹራንስ (የራስህንም ንብረት ጉዳት በሚሸፍነው) አሠራህ፤ አሁን ልታሳድስ ስትሄድ «ቅናሽህ ተነሥቷል» አሉህ።

ቅር ቢልህ አይፈረድም። ቅናሹ ግን ስሙ «ኖ ክሌም» ነው፤ በዓመቱ ውስጥ ካሳ ላልጠየቀ ሰው የሚሰጥ እንጂ አጥፊውን ከጨዋው የሚለይ አይደለም። የኢንሹራንስ ድርጅትህ ለጋራዡ የከፈለው ገንዘብ በስምህ ወጪ ሆኖ ተመዝግቧል። ወጪው የሚካካሰው ድርጅቱ ገንዘቡን ከሚኒባሱ ኢንሹራንስ ሲያስመልስ ነው። የንግድ ሕጉ አንቀጽ 683 ካሳ የከፈለ መድን ሰጪ በተጎጂው እግር ተተክቶ አጥፊውን እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ስለዚህ ቅርንጫፉ ሄደህ መጀመሪያ የምትጠይቀው «ከሚኒባሱ ወገን ጠይቃችኋል? ተከፍሏችኋል?» ብለህ ነው። ከተከፈላቸው ቅናሹ እንዲመለስልህ በጽሑፍ አመልክት። ገና በሂደት ላይ ከሆነ ዓረቦኑን (የኢንሹራንሱን ክፍያ) ከፍለህ አድስ፤ ገንዘቡ ሲመለስ ልዩነቱ እንዲታሰብልህ የሚጠይቅ ደብዳቤ ፋይልህ ውስጥ አስገባና ገቢ የተደረገበትን ቅጂ ያዝ። በቃል የተገባልህ ነገር ሠራተኛው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

ይህ ሁሉ የሚቆመው በትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት ላይ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፦ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2084 መሠረት ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሁለቱም እኩል እንዳበረከቱ ይቆጠራል፤ ጉዳቱም ለሁለት ይካፈላል። ይህ ግምት የሚፈርሰው አደጋው በሙሉ ወይም በዋናነት በአንዱ አሽከርካሪ ጥፋት መድረሱ ሲረጋገጥ ብቻ ነው። «ተጋጭተዋል» ብሎ የሚያበቃ ሪፖርት ግማሹን ጉዳት አንተ ላይ ይጥላል። ስለዚህ ሪፖርቱ ፕላኑን (የአደጋውን ቦታ ንድፍ)፣ የሁለታችሁን ቃል፣ የሚኒባሱን ታርጋና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱን (በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚከፍለውን)፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሾፌሩ የጣሰውን ደንብ (ያንተ ጉዳይ ርቀት አለመጠበቅ ነው) መያዙን አይተህ ተቀበል። ኑሮህ ደብረ ማርቆስ ቢሆንም ሪፖርቱን የሚሰጥህ አደጋውን የመዘገበው የቡሬ ትራፊክ ፖሊስ ነው፤ ከኢንሹራንስህ የትብብር ደብዳቤ አጽፈህ ሂድ፣ አለበለዚያ በከንቱ ትመላለሳለህ።

ሽምግልናውን በተመለከተ ጠንከር አድርጌ ልናገር። በእኛ አገር መኪናው ከመንገድ ሳይነሣ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ እርቁ መልካም ነው። ጉዳቱ የሚመጣው «ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ አልጠይቅም» የሚል ወረቀት ላይ ስትፈርም ነው። አንተ የተውከውን መብት ኢንሹራንስህ ሊያነሣው አይችልም፤ በዚህም ምክንያት ያንተንም ካሳ ሊከለክልህ ይችላል። ከሾፌሩ ጋር ታረቅ፣ የንብረቱን ካሳ የሚነካ ነገር ላይ ግን ድርጅትህን ሳታማክር አትፈርም።

ለሚቀጥለው ጊዜ ስሌቱን አስቀድመህ ሥራ። ለምሳሌ ዓረቦንህ 6,000 ብር፣ ቅናሽህ 20 በመቶ ቢሆን 1,200 ብር ታተርፋለህ። ስፖኪዮና ፍሬቻ ተሰብሮ ጥገናው 3,500 ብር ቢሆን፣ ከዚያ ላይ አንተ የምትሸፍነው ተቀናሽ 1,500 ብር ከሆነ፣ እጅህ የሚገባው 2,000 ብር ብቻ ነው፤ የቅናሹ ደረጃም ከታች ይጀምራል። እንዲህ ያለውን በቀጥታ ከአጥፊው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ መጠየቅ ይሻላል። ያኔም ቢሆን ለራስህ ድርጅት «ለመረጃ ያህል» ብለህ አደጋውን በጽሑፍ አሳውቅ። ከአጥፊው ካሳ ለመጠየቅ ያለህ ጊዜ 2 ዓመት ነው፤ «ዛሬ ነገ እንከፍላለን» እያሉ እንዳያሳልፉብህ።

እድሳቱ ላይ ሰርቬየር (የኢንሹራንሱ መርማሪ) ሞተሩን ማየቱ አይቀርም። ፎርሴላው (የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ) ተጣምሞ ቀርቶ ከሆነ ወይም መሪው ወደ አንድ ወገን የሚስብ ከሆነ አስቀድመህ አስተካክል፤ የቆየ ጉዳት ተብሎ ከሽፋኑ ይወጣል። የሻንሲ ቁጥሩ በግጭቱ ወይም በብየዳ ተፍቆ እንደሆነም ከሊብሬው ጋር አመሳክር። የሞተሩንም ዋጋ በዛሬው ገበያ አስገምት፤ 200,000 ብር የሚያወጣውን በ100,000 ካስመዘገብክ በሚቀጥለው ጉዳት የሚከፈልህ ግማሹ ነው።

ሌላ ድርጅት ለመሄድ ከፈለግህ ካሁኑ የካሳ ታሪክህን የሚገልጽ ደብዳቤ አስጽፍ፤ «ጥፋቱ የሌላ ወገን ነው» የሚለው ቃል እንዲገባበት ጠይቅ። አደጋውን ግን አትደብቅ፤ ኋላ ከታወቀ ውሉን ያፈርስብሃል። በሙሉው ሽፋን ዋጋ ባትስማሙም የሦስተኛ ወገኑን ለአንድ ቀን እንኳ አታሳልፍ፤ በአዋጅ 799/2005 ግዴታ ነው። ውሉ ላይ ያለው ቀን በፈረንጅ መሆኑንም ልብ በል፤ ጃንዋሪ 30 የሚለውን ጥር 30 ብለህ ከያዝከው ስምንት ቀን ያህል ያለ ሽፋን ትነዳለህ።