ሦስት ጀማሪ ትሮምቦን እና አንድ የትዝታ ዜማ

«ኮምቦልቻ ውስጥ የትምህርት ቤት ሙዚቃ ክበብ አስተምራለሁ። ለተማሪዎች ቴያትር የተሠራ፣ ሁሉም የሚወደው ዘፈን አለ፤ ቅኝቱ ትዝታ ሜጀር ነው። ለሦስት ጀማሪ ትሮምቦን ሲን (C) መነሻ አድርጌ ጻፍኩት፣ አልሆነም። የልጆቹ እጅ አይደርስም። አብረው ሲነፉ ደግሞ ድምፁ ይድበሰበሳል። ምን ላድርግ?»

አብሽሪ እህቴ፣ ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም። ችግሩ መነሻ ድምፁ ላይ ነው። ታችኛዋ ሲ ስላይዱን (የሚንሸራተተውን ቱቦ) እስከ ስድስተኛ ፖዚሽን ታስወጣለች፤ ፖዚሽን ማለት ስላይዱ የሚቆምበት ቦታ ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ከአፍ ይርቃል። ክንዱ አጭር የሆነ ልጅ እዚያ ለመድረስ ትከሻውን ሲዘረጋ ከንፈሩ ከማውዝፒሱ (ከሚነፋበት አፍ) ይላቀቃል፣ ድምፁም ይበላሻል።

መነሻውን ወደ ኢ ፍላት ውሰጂው። ዜማው በኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ፍላት እና በላይኛዋ ሲ ላይ ይሄዳል። ፖዚሽኖቹ በቅደም ተከተል 3፣ 1፣ 4፣ 1፣ 3 ናቸው። ከአራተኛ የሚያልፍ የለም። ዘፋኝ ካለ ግን ድምፁ ይመቸው እንደሆነ አስቀድመሽ ጠይቂ። ክራሩማ ተቃኝቶ ይከተላል።

የሚድበሰበሰው ሦስቱንም ታች አጠጋግተሽ ስለጻፍሻቸው ሳይሆን አይቀርም። ትሮምቦን ዝቅ ሲል የተቀራረበ ድምፅ አይወድም። ለሦስተኛው ልጅ ሁለት ኖታ ብቻ ስጪው፤ ታችኛዋን ቢ ፍላትና ኢ ፍላትን። ረዘም አድርጎ ይያዛቸው። ሁለተኛው ልጅ ዜማው ቢ ፍላት ወይም ሲ ላይ ሲሆን ጂን ይንፋ፤ ጂ ላይ ሲሆን ኢ ፍላትን። ዜማው ወደ ኤፍና ኢ ፍላት ሲወርድ ከአንደኛው ጋር አንድ ላይ ይንፉት። የግድ ሁሌ ሦስት የተለያየ ድምፅ ይሰማ የሚለውን ነገር እኔ አልወደውም። የእኛ ዜማ አብረው ሲሉትም ያምራል።

አንደኛው ልጅ ላይ ብቻ አትጫኚ፣ ከንፈሩ ይዝላል። አዝማቹን ለሁለተኛው ልቀቂለት።

አሁን ወደ ምላስ። ከኢ ፍላት ወደ ኤፍ፣ ከጂ ወደ ቢ ፍላት ስትወጡ ልብ በሉ። እዚህ ሁለት ቦታ ላይ የሚሠራው ስላይዱ ብቻ ነው። ምላስ ካልገባበት ድምፁ እንደ አምቡላንስ ይንሸራተታል። እያንዳንዷን ኖታ ለስለስ ባለ «ዱ» ያስጀምሯት። ዘፋኙ የሚጨምረውን ጌጥ ሁሉ ኖታ ላይ ለማስፈር አትድከሚ፣ ለጀማሪ አይሆንም። መጨረሻ ላይ ግን ከጂ ወደ ቢ ፍላት አንድ ጊዜ ሆን ብለው ያንሸራትቷት። ተመልካቹ በሳቅና በጭብጨባ ነው የሚቀበላት።

ዝግጅቱ ደሴ ከሆነ ደግሞ የሐረጎን አቀበት ወጥታችሁ እንደደረሳችሁ ወዲያው አትቃኙ። የቀዘቀዘ ትሮምቦን ድምፁ ይወርዳል። መጀመሪያ ጥቂት ደቂቃ ይንፉበት፣ ቱቦው ይሙቅ። ከዚያ ሦስቱም ቢ ፍላት ላይ ይገናኙና መቃኛ ቱቧቸውን ያስተካክሉ።