«ስቴም ሴል እዚህ አገር የለም» ለተባለችው ተመራቂ

የጠያቂያችን ደብዳቤ ባጭሩ ይህን ይላል፦ በባዮሎጂ ተመርቃለች። የሰው ጽንስ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዴት እንደሚያድግ በስቴም ሴል፣ ማለትም ወደ ሌላ ዓይነት ህዋስ መለወጥ በሚችል ህዋስ፣ ማጥናት ትፈልጋለች። መምህራኗ «እዚህ የለም፣ ሌላ ነገር ያዢ» ይሏታል። እናቷ ደግሞ «እግዜር ሥራ ውስጥ አትግቢ» ብለዋታል። ምን ላድርግ ነው ጥያቄዋ።

እህቴ፣ መምህራንሽ ግማሽ እውነት ነግረውሻል። በዚህ ሥራ ስማቸው የሚነሳው ላቦራቶሪዎች ያሉት ካምብሪጅ፣ ቪየና፣ የእስራኤሏ ሬሆቮት፣ አሜሪካና ጃፓን ነው። ጥያቄው ግን የእኛም ነው። የህብለ ሰረሰር ክፍተት ይዘው የሚወለዱ ልጆች አገራችን ውስጥ ብዙ ናቸው። ክፍተቱ የሚመጣው ከተጸነሰ በ28 ቀን ገደማ መዘጋት የነበረበት፣ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ ሳይዘጋ ሲቀር ነው። ያኔ ብዙዋ ሴት ማርገዟንም አታውቅም። ፎሊክ አሲድ ቀደም ብሎ ይጀመር የሚባለው ለዚህ ነው።

እነዚያን ቀናት በቀጥታ ማየት ደግሞ ከባድ ነው። ላብ ውስጥ ያለ የሰው ጽንስ ከ14 ቀን በላይ እንዳይቆይ እንግሊዝ በ1990 በሕግ ከልክላለች፤ ሌሎችም አገሮች ይህንኑ ወሰን ይዘዋል። እንግዲህ ስቴም ሴል የሚገባው እዚህ ጋ ነው። ጃፓናዊው ተመራማሪ ሺንያ ያማናካ በ2006 የአይጥን፣ በ2007 የሰውን የቆዳ ህዋስ ወደ ስቴም ሴልነት መለሰ። በ2021 የአምስት ስድስት ቀን ጽንስ የሚመስል ነገር ከስቴም ሴል ተሠራ። በ2023 በእስራኤል የቫይዝማን ተቋም የጃኮብ ሃና ቡድን ያለ እንቁላል፣ ያለ ዘር ፈሳሽ፣ ያለ ማህፀን የ14 ቀን ጽንስ የሚመስል ሞዴል አሳየ። ይህ ዜና ሲወራ የሚዘለል ነገር አለ፤ በትክክል መልክ የያዘው ከመቶ አንዱ ያህል ብቻ ነበር። የሥራሽ ዋና ክፍል ያልተሳካው ዘጠና ዘጠኙ ነው። ህዋስ ደግሞ ቅዳሜና እሁድ አያውቅም፤ በበዓልም ምግቡ መቀየር አለበት። ይህን ካልወደድሽው ከአሁኑ ብታውቂው ይሻላል።

ስለዚህ ምክሬ «ስቴም ሴል» የሚል ስም ያለበትን ማስተርስ ፍለጋ ጊዜሽን አታባክኚ ነው። እጅሽን አስለምጂ። ህዋስ ሳይበከል ማሳደግ የሚያስተምርሽ ላብ የሚሠራው ስለ ቲቢ ቢሆን ምን ቸገረሽ? አዲስ አበባ አለርት ግቢ ያለውን የአርማወር ሀንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት ጠይቂ፤ የዩኒቨርሲቲ ላቦችንም አንኳኪ። ያለ ደመወዝ ከሆነ ግን ጊዜውን ቁረጪ። ሦስት ወር ልምምድ ነው፣ ዓመት ሙሉ ብዝበዛ ነው።

ሁለተኛው ሙያ የዳታ ትንተና ነው፤ ላፕቶፕና ኢንተርኔት ብቻ ይፈልጋል፤ ለእኔ ከሁሉ የሚያዋጣሽም እሱ ነው። ዛሬ በእያንዳንዱ ህዋስ ውስጥ የትኛው ጂን እንደሠራ ይለካል። ሞዴሉ እውነተኛውን ጽንስ ምን ያህል እንደሚመስል የሚታወቀውም በዚህ ንጽጽር ነው። ዳታው አብዛኛው በነፃ የሚወርድ ነው። አር ወይም ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋ ተማሪ፤ አንድ የታተመ ሥራ ምረጪና ውጤቱን ራስሽ ድገሚው። ሲቪ ላይ ከአምስት የስልጠና ሰርተፍኬት ይህ ይበልጣል።

ከዚያ አመልክቺ። አሜሪካ ውስጥ በባችለር ዲግሪ ቀጥታ ፒኤችዲ መግባት የተለመደ ነው፤ በዘርፉ አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ክፍያውም የኑሮ ወጪውም ይሸፈናል። የኦስትሪያው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ተቋም (አይኤስቲኤ) እና የጃፓኑ ኦኪናዋ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ተቋምም በባችለር ይቀበላሉ። የማመልከቻ ክፍያ ካለ እንዲነሳልሽ ጠይቂ፤ አያሳፍርም። ለፕሮፌሰር ስትጽፊ ስለ ልጅነት ህልምሽ ተይው። የእሱን አንድ ሥራ ጥቀሺ፣ የደገምሽውን ትንተና አያይዢ፣ ጥያቄ ጠይቂ። አስር መስመር ይበቃል።

እማማን በሚመለከት፣ ስጋታቸውን አታናንቂው። እነዚህ ሞዴሎች ልጅ ለመሆን የሚሠሩ አይደሉም፤ ማህፀን ውስጥ ማስገባትን የዓለም አቀፉ የስቴም ሴል ምርምር ማኅበር መመሪያ በግልጽ ይከለክላል። ከቆዳ ወይም ከደም ለሚነሳው ህዋስ ጽንስ አያስፈልግም። ሆኖም ከ1998 ጀምሮ ከተለገሱ ጽንሶች የተገኙ ህዋሳትም በብዙ ላብ አሉ። በእነሱ ትሠሪያለሽ ወይስ አትሠሪም? ይህን ሌላ ሰው አይወስንልሽም። መልስሽን ግን ከማመልከትሽ በፊት ያዢው፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ሊመጣብሽ ይችላል።