ከቤት ሆኖ የሚሠራ ባል፣ ከሥራ ደክማ የምትገባ ሚስት

ጥያቄ፦ የ36 ዓመት ሰው ነኝ። ከባለቤቴና ከ5 ዓመት ልጃችን ጋር አያት ኮንዶሚኒየም እንኖራለን። ላለፉት ሁለት ዓመታት ኒው ዮርክ ለሚገኝ ድርጅት ከቤቴ ሆኜ ሶፍትዌር እሠራለሁ። ቀድሞ ሜክሲኮ አካባቢ ቢሮ እገባ በነበረበት ጊዜ ጠዋት 12 ሰዓት ወጥቼ፣ ሁለት ታክሲ ተሰልፌ፣ ማታ ስመለስ ልጄን ተኝታ ነበር የማገኛት። ዛሬ ትምህርት ቤት የማደርሳት እኔ ነኝ። እንቅልፌ ተስተካክሏል፤ ለዓመታት ያሠቃየኝ ጨጓራ ቀለል ብሎልኛል፤ ገቢዬም ተሻሽሏል። ስብሰባዎቼ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ከመሆናቸው በቀር የሚከብደኝ ነገር የለም። ባለቤቴ ግን ለገሃር አካባቢ ባንክ ውላ ማታ 1 ሰዓት ስትገባ ታኮርፋለች፤ ስናገራት «አንተማ ቤት ነህ፣ ምን አለብህ» ትለኛለች። ጎረቤቶች «ባለቤትሽ ሥራ አገኘ ወይ?» እያሉ ይጠይቋታል። በቅርቡ በቤተሰብ ዝክር ላይ አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ ሰው እየሰማ «ወንድ ልጅ ቀኑን ሙሉ ቤት ሲውል ደስ አይልም» አሉኝ። አሁን ባለቤቴ «ቦሌ ቢሮ ተከራይ፤ እንደ ሰው ጠዋት ለብሰህ ውጣ» እያለችኝ ነው። ለትዳሬ ሰላም ስል ቢሮ ልከራይ? ወይስ እንዲህ ደስ መሰኘቴ ራስ ወዳድነት ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የኪራይ ውሉን ለጊዜው አይፈርሙ። ለሥራዎ የማያስፈልግዎን ክፍል ለሰው ዓይን ሲሉ ቢከራዩ፣ ኪራዩን በከፈሉ ቁጥር በባለቤትዎ ላይ ቂም ይይዛሉ፤ ክፍያውም በመካከላችሁ ያለውን ቅሬታ ሳይነካው ይቀራል። ሆኖም በጥያቄዋ ውስጥ ያለውን እውነት ሳይሰሙ «አልከራይም» ብለው ቢዘጉት ጉዳቱ ከዚህ አያንስም።

አስቀድሜ ስለ ደስታዎ ልናገር፤ በደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉም ይበልጥ ያሳሰበኝ በእርሱ ማፈርዎ ነው። ከቤት ሆኖ መሥራት የሰጠዎት ዕረፍት የስንፍና ምልክት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካህነማንና ባልደረቦቹ በቴክሳስ የሚኖሩ ከ900 በላይ ሠራተኛ ሴቶች ያለፈ ቀናቸውን ከጠዋት እስከ ማታ በክፍል በክፍሉ እንዲያስታውሱና በእያንዳንዱ ክፍል ምን እንደተሰማቸው እንዲጽፉ አድርገው ነበር። ሴቶቹ ዝቅተኛ ደስታ ካስመዘገቡባቸው ሰዓታት መካከል ጠዋት ወደ ሥራ የሚሄዱበት ሰዓት ይገኝበታል። ይህ የራሳቸው መኪና በሚነዱ ሰዎች አገር የታየ ውጤት መሆኑን ልብ ይበሉ። ከአያት ሜክሲኮ በሁለት ታክሲ የሚመላለስ ሰው ከርቀቱ በላይ የሚያደክመው ታክሲው መቼ እንደሚመጣ፣ ሰልፉ መቼ እንደሚያልቅና ዛሬ ይረፍድበት አይረፍድበት እንደሆነ አለማወቁ ነው። አእምሯችን የከበደ ነገርን ከሚፈራው ይልቅ በእጁ ያልሆነውንና ሊገምተው የማይችለውን ነገር አብልጦ ይፈራል።

ሮበርት ካራሴክ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1979 ያቀረበው ሐሳብ ይህንኑ ያብራራል። በእርሱ አመለካከት የሥራ ብዛት ብቻውን ሰውን አይሰብረውም፤ ሰው የሚሰበረው ብዙ እየተጠየቀ፣ ሥራውን መቼና እንዴት እንደሚሠራ የመወሰን ሥልጣን ሲያጣ ነው። እርስዎ ዛሬ የሚሠሩት ሥራ ከቀድሞው ላይቀል ይችላል፤ ነገር ግን ከባዱን ክፍል አእምሮዎ ንቁ በሆነበት የጠዋት ሰዓት ማድረግ፣ ሲደክምዎ ተነሥቶ በረንዳ ላይ መቆም፣ ምሳዎን በሰዓቱ መብላት ይችላሉ። የእንቅልፍዎና የጨጓራዎ መሻሻል ከዚህ ጋር ግንኙነት ቢኖረው አይገርምም። (ሕመሙ ለዓመታት የቆየ ስለሆነ ግን ቀለል ማለቱን ብቻ አይተው ሐኪም ዘንድ መቅረብዎን አይተዉ፤ የጨጓራ ሕመም ከውጥረት ሌላ ምርመራ የሚያስፈልጋቸው ምክንያቶችም አሉት።) ልጅዎን ጠዋት እጇን ይዘው ስለማድረስዎ ብዙ ማስረዳት የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም። የ5 ዓመት ልጅ ከአባቷ ጋር በየቀኑ የምትራመደውን ያን አጭር መንገድ እንደ ዋስትና ትቆጥረዋለች፤ ስለዚህ የትኛውንም ስምምነት ሲያደርጉ ይህን ሰዓት ለድርድር አያቅርቡት።

እንግዲህ ጥቅሙ እውነተኛ ነው ካልን፣ የባለቤትዎ ቅሬታም ከየት እንደመጣ ግልጽ ይሆናል። ከሁለት ዓመት በፊት ሁለታችሁም በጨለማ ወጥታችሁ በጨለማ ትገቡ ነበር። ስለ ሰልፉ፣ ስለ ረዳቱ ግልምጫ፣ ስለ አለቃው አብራችሁ ታማርሩ እንደነበር እገምታለሁ። አብሮ ማማረር ባልና ሚስትን ያስተሳስራል፤ «የደረሰብኝን የሚያውቅልኝ ሰው አለ» የሚል ስሜት ይሰጣል። እርስዎ ከዚያ ድካም ወጡ፤ እርሷ ቀረች። ማታ ደክማ ስትገባ የምታየው ያረፈ፣ የቤት ልብስ የለበሰ፣ ፊቱ የጠራ ሰው ነው። በዚያ ሰዓት «ዛሬ ታክሲ አጥቼ አንድ ሰዓት ቆምኩ» ብትልዎ፣ እርስዎ ከልብ አዝነው ቢሰሟትም እንኳ ከአሁን በኋላ ከውጭ ሆነው የሚሰሙ ሰው ነዎት። «አንተማ ቤት ነህ፣ ምን አለብህ» የሚለው ንግግሯ ሥራዎን እንደ መናቅ ተሰምቶዎታል፤ እኔ ግን በውስጡ «በድካሜ ብቻዬን ቀረሁ» የሚል ሐዘን እሰማበታለሁ። ይህን ሐዘን ሥራ በዝቶብኛል ብለው በመከራከር ሊመልሱት አይችሉም፤ ክርክሩ ማን ይበልጥ እንደደከመ ወደ መቁጠር ብቻ ይወስዳችኋልና።

ደብዳቤዎ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፉት ነገር ደግሞ አለ። የስብሰባዎ ሰዓት ከ10 እስከ ምሽቱ 2 ነው ብለዋል። የኒው ዮርክ ሰዓት ከእኛ እንደ ወቅቱ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ወደኋላ ስለሚቀር፣ እዚያ ቢሮ ተከፍቶ ሥራ የሚጧጧፈው እዚህ ቤተሰብ በሚሰበሰብበት ሰዓት ነው። ጉዳዩን በባለቤትዎ ዓይን ይዩት፦ እርሷ ባልነበረችበት ቀን ሙሉ ጊዜው የእርስዎ ነበር፤ በሩን ከፍታ ስትገባ ግን ጆሮዎ ላይ ማዳመጫ አድርገው በእጅዎ ምልክት «ቆይ» ይሏታል፤ ልጅቷ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጣለች፤ እራት አልቀረበም። ከቤት መሥራትዎ ያተረፈውን ሁሉ እርስዎና ልጅዎ ጠዋት ጠዋት ተካፍላችሁታል፤ ለባለቤትዎ የደረሳት የተዘጋው በር ነው። ስለዚህ ከቢሮ ኪራይ በፊት መለወጥ ያለበት ይህ የምሽት ሰዓት ነው።

ከድርጅቱ ጋር ይነጋገሩ። ለብዙ ጊዜ አብረውት የሠሩትን ሠራተኛ ማጣት ለአሠሪውም ውድ ስለሆነ፣ ስብሰባዎቹ ቢያንስ በሳምንት ሦስት ቀን ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት እንዲያልቁ መጠየቅ ከልክ ያለፈ ጥያቄ አይደለም። የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓትን በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ ይገድበዋል፤ እንደ እርስዎ ከውጭ ድርጅት ጋር በውል የሚሠሩ ሰዎች ግን ብዙውን ጊዜ ሰዓታቸውን የሚጠብቅላቸው ስለሌለ ድንበሩን ራሳቸው ማበጀት አለባቸው። ስብሰባ በሌለባቸው ምሽቶች እራቱን ሙሉ በሙሉ የእርስዎ ኃላፊነት ያድርጉት። «ምን ላግዝሽ?» ብሎ መጠየቅ ኃላፊነቱን በእርሷ ላይ እንዳለ ይተወዋል፤ ምን እንደሚበላ ማሰብ፣ የጎደለውን መግዛት፣ ማቅረብና ማንሣት ሁሉ የእርስዎ ሲሆን ነው ዕረፍት የሚሰማት። ከገባች በኋላ ያለውን ግማሽ ሰዓት ማንም ምንም አይጠይቃት። ቅዳሜ ጠዋትም እንዲሁ ለእርሷ ይተዉላት፤ ልጅዎን ይዘው ይውጡ፤ ባለቤትዎም ትተኛ፣ ጓደኛዋን ትጠይቅ ወይም ዝም ብላ ትቀመጥ። እርስዎ ያገኙትን ነገር፣ ማለትም በራስ ሰዓት ላይ የማዘዝን ነጻነት፣ እርሷም በመጠኑ ልትቀምሰው ይገባል።

ስለ ሰው አፍ ደግሞ፤ ይህን «ሰው ምን ይላል ብሎ መጨነቅ ኋላቀርነት ነው» ብዬ ላልፈው አልፈልግም። የጎረቤቱ ጥያቄ የሚቀርበው ለእርስዎ አይደለም፤ ደረጃው ላይ ቆማ የምትመልሰው ባለቤትዎ ናት። አማትዎም ቢሆኑ ምናልባት ሥራ ማለት በሰዓቱ ወጥቶ፣ መዝገብ ላይ ፈርሞ፣ ማታ መመለስ በሆነበት ዘመን ያደጉ ሰው ናቸው። በመጋቢት 2012 ኮሮና አገራችን ሲገባ መንግሥት አብዛኞቹን የፌዴራል ሠራተኞች ከቤታችሁ ሥሩ ባለ ጊዜ እንኳ ብዙ ቤተሰብ ነገሩን እንደ ፈቃድ ነበር የቆጠረው። ለአንድ አባት ቀን ቤት የሚውል አማች ማለት ነገ ልጁን የሚያስርብ ሰው ማለት ሊሆን ይችላል፤ የተናገሩበት ቦታና መንገድ ቢያሳዝንም የስጋታቸው መነሻ ለልጃቸው ያላቸው ፍቅር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ባለቤትዎ ምን እንደሚሠሩ በትክክል ታውቃለች? ብዙ ባለትዳሮች «ኮምፒውተር ላይ ነው የሚሠራው» ከማለት ያለፈ ዕውቀት የላቸውም፤ በማታውቀው ሥራ ደግሞ ልትኮራም ሆነ ስለ እርሱ ልትመልስ አትችልም። አንድ እሑድ፣ ምሳ ከተበላ በኋላ፣ ኮምፒውተሩን ከፍተው የሠሩትን፣ ማን እንደሚጠቀምበትና ምን እንደሚከፈልበት ያሳይዋት። በዚያው ቀን እንዲህ ብለው ይጀምሩ፦ «እኔ ያረፍኩትን ያህል አንቺ እንዳላረፍሽ አሁን ገባኝ። ማታ ስትገቢ ምን እንደሚሰማሽ ንገሪኝ፤ አላቋርጥሽም።» ከዚያም በእርግጥ አያቋርጡ። ለጎረቤት የሚሰጠውን መልስ ከዚህ በኋላ አብራችሁ ምረጡ፤ «ለውጭ ድርጅት ነው የሚሠራው፤ ቢሮው ቤት ነው» የሚል አጭር ቃል ከእርሷ አፍ በእርግጠኝነት ሲወጣ ጥያቄው ይቀንሳል። አማትዎን በተመለከተ ሰው ፊት አይመልሱላቸው። በበዓል ወይም በሌላ ሰበብ ቤታቸው ሄደው ብቻቸውን ሲያገኟቸው «አባባ፣ ስለ ልጅዎ መስጋትዎ አይገርመኝም፤ ሥራዬ ይህን ይመስላል» ብለው ያስረዷቸው። ባለቤትዎ አብራዎት ብትሆንና እርሷም ብትናገር የበለጠ ይሰማሉ።

አሁን ወደ ቢሮው ጉዳይ ልመለስ፤ በዚህ ረገድ ባለቤትዎ ሳታስበው አንድ ጠቃሚ ነገር ነክታለች ብዬ አምናለሁ። በደብዳቤዎ ውስጥ ልጅዎ፣ ባለቤትዎ፣ ጎረቤትና አማትዎ አሉ፤ አንድም ጓደኛ ወይም የሥራ ባልደረባ አልጠቀሱም። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ ኒኮላስ ብሉምና ባልደረቦቹ በአንድ የሻንጋይ የጉዞ ድርጅት ባደረጉት የ9 ወር ሙከራ፣ በፈቃዳቸው በሳምንት አራት ቀን ከቤት የሠሩት ሠራተኞች የሥራ ውጤት በ13 በመቶ ጨምሯል፤ ሥራ የሚለቁትም ቢሮ ከቀሩት ጋር ሲነጻጸሩ በግማሽ ያህል ቀንሰዋል። ሙከራው አልቆ ምርጫው ለእነርሱ ሲተው ግን ግማሽ ያህሉ ወደ ቢሮ ተመልሰዋል፤ ከምክንያቶቹ ዋነኛው ብቸኝነት ነበር። ዕረፍቱ የሚሰማው ወዲያው ነው፤ ብቸኝነቱ ግን ቀስ እያለ ስለሚመጣ ሰውየው ራሱ ከማወቁ በፊት ቤተሰቡ ያየዋል። ከሰው ጋር ሳያወሩ የዋሉበት ቀን ሲበዛ፣ ማታ ከባለቤትዎ ጋር የሚደረግ ወሬም ይነጥፋል። ምናልባት «እንደ ሰው ጠዋት ለብሰህ ውጣ» ስትል ከሰው ዓይን በተጨማሪ ይህንንም አይታ ይሆናል። ይጠይቋት።

ስለዚህ የወር ኪራይ ከመግባት ይልቅ በከተማችን በቀን ሒሳብ ወንበርና ኢንተርኔት ከሚያቀርቡ የጋራ መሥሪያ ቦታዎች በአንዱ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ይሞክሩ። ልጅዎን ካደረሱ በኋላ በዚያው ይሂዱ፤ በሙያዎ ካሉ ሰዎች ጋር ቡና ይጠጡ፤ መብራት በሚጠፋበት ቀንም ይጠቅምዎታል። ለባለቤትዎ ሲነግሯት ግን ለጎረቤት ብለው እንዳደረጉት አያስመስሉ፤ ለራስዎ እንደሚያስፈልግዎና እርሷ እንዳስታወሰችዎ ይንገሯት።

ይህን ሁሉ ሁለት ወር ያህል ሞክረውት ኩርፊያው ከበረታ፣ ወይም ንግግሯ ከድካም አልፎ በልጃችሁ ፊት ወደ ማዋረድ ከተሸጋገረ፣ በመካከላችሁ ከሥራ ቦታ ጋር የማይገናኝ የቆየ ቅሬታ ሊኖር ይችላል። በዚያን ጊዜ የባልና ሚስት አማካሪ ዘንድ ቀጠሮ ይያዙ፤ ሰዓቱን ባለቤትዎ ትምረጥ፤ የዚያን ምሽት ስብሰባዎን አስቀድመው ይሰርዙ።