ጋቢናውን ከላሜራ መሥራት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በሪሞት ስለሚነዱ የጭነት መኪና ሞዴሎች ከጻፍኩ ወዲህ ደብዳቤዎቻችሁ ብዙውን ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። ሻንሲው ብዙም አያስቸግርም፤ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ብዙ ነው። ጭንቀቱ ጋቢናው ላይ ነው፤ እሱን በእጅ፣ ከብረት መሥራት። እኔም ብጽፍ ብጽፍ የማልጠግበው ስለዚህ ነው። ዛሬ አምስቱን መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ሁለት የፕላስቲክ ጋቢና ገጣጥሜያለሁ። ሦስተኛውን ከብረት ልሥራ ስል ጓደኞቼ «ቀለም ከተቀባ በኋላ ማን ያውቀዋል?» አሉኝ። እውነት ልዩነት አለው? ካለው የትኛውን ብረት፣ በስንት ውፍረት ልጠቀም?

መልስ፦ አለው ወንድሜ። ልዩነቱ ያለው ጠርዙ ላይ ነው።

እስቲ የፕላስቲክ ጋቢናህን የመስኮት ጠርዝ ተመልከት። ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ በ1፡14 ስኬል (ሞዴሉ ከእውነተኛው 14 ጊዜ ሲያንስ) በ14 ስታባዛው 21 ሚሊ ሜትር ይመጣል። የእውነተኛ ጋቢና ላሜራ ደግሞ ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም አይርቅም። ሰው ይህን ሂሳብ ባይሠራም ዓይኑ ይሠራዋል። ሞዴሉን አይቶ «አሻንጉሊት ነው» የሚለው መብራቱ ጎድሎ፣ ቀለሙ ተበላሽቶ አይደለም። የበሩ፣ የመስኮቱና የፓራፋንጎው ጠርዝ ወፍሮበት ነው።

ለመጀመሪያ ሥራ 0.5 ሚሊ ሜትር ናስ ውሰድ። ይታጠፋል፣ በሞረድ ይሞረዳል፣ ሊድ (በካውያ ቀልጦ ብረትን ከብረት የሚያያይዘው) በደንብ ይይዛል፤ ብትሳሳት ነቅለህ መልሰህ ትበይደዋለህ። በስኬሉ እሱም 7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ የሚታዩትን ጠርዞች ብቻ ከውስጥ በኩል በሞረድ አሳሳቸው። ከውጭ የሚያይ ሰው ስስ ላሜራ ነው የሚታየው። ይህን ሥራ አትዝለለው፤ አንድ ሙሉ ቀን ቢወስድብህም ይገባዋል።

ገንዘብ ማውጣት ካልፈለግክ የቆርቆሮ ጣሳ ቆርጠህ ዘርጋ። ውፍረቱ 0.2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ላዩ ቆርቆሮ የተለበጠ ስለሆነ ሊድ ይወዳል። የውስጡን ሽፋን ግን በብርጭቆ ወረቀት ማንሳት አለብህ። ሰፊ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ስለሚረግብ ከኋላው ደጋፊ ይፈልጋል። ለኮፋኖና ለፓራፋንጎ ከዚህ የሚሻል አላገኘሁም።

አሉሚኒየም ቀላል ነው፤ ችግሩ ተራ ሊድ አይዝም። ገና ስትፍቀው አየር ያገኘዋል፣ ወዲያው ስስ ሽፋን ያበጃል። ስለዚህ በሪቬት ወይም በሁለት ውህድ ማጣበቂያ ነው የምታያይዘው።

ክብደቱንም አስብ። የአንድ ጋቢና ላሜራ በጠቅላላው 1,200 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በ0.5 ሚሊ ሜትር ናስ 510 ግራም ይመዝናል። በዚያው ውፍረት አሉሚኒየም 160 ግራም ገደማ ነው። ግማሽ ኪሎ ራሱ አያስፈራም። 7,000 ኪሎ የሚመዝን እውነተኛ መኪና በ1፡14 ሲሰላ 2.55 ኪሎ ይሆናል፤ ክብደት በስኬሉ ሦስት ጊዜ ነው የሚካፈለው። አስቸጋሪው ክብደቱ ከላይ ሲሆን ነው። ጣሪያው ከከበደ መኪናው በጎን ዳገት ላይ ይገለበጣል። ጣሪያውን ከሳሳ ላሜራ ሥራ፤ ባትሪውን ደግሞ ሻንሲው መሐል፣ በተቻለ መጠን ዝቅ አድርገህ አስቀምጥ።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ ከ60 አልፏል። ለብዙ ዓመታት የነዳሁትን ኮፋኖው ረዘም ያለ መኪና በሞዴል ልሠራው እፈልጋለሁ። መኪናው ዛሬ የለም። ያሉኝ ሁለት ፎቶዎች ብቻ ናቸው፤ አንዱ በትክክል ከጎን የተነሳ ነው። ልኩን ከየት ላምጣ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ከጎን የተነሳው ፎቶ ካለዎት ሜትር በእጅዎ አለ ማለት ነው። ሜትሩ ጎማው ነው።

የጎማውን ቁጥር እንደማይረሱት እርግጠኛ ነኝ። 10.00-20 ነበር እንበል። የዚህ ጎማ ቁመት 1,050 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በ14 ሲካፈል 75። ከሁሉ በፊት ለሞዴሉ ወደ 75 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ጎማ ይፈልጉ። ስኬሉን የሚወስነው ያገኙት ጎማ ነው። ጎማው ተለቅ ካለ ጋቢናውንም በዚያው ልክ ያሳድጉት። ጋቢናው አልቆ ጎማ ፍለጋ የሚወጣ ሰው ብዙ ይደክማል።

አሁን ፎቶው ላይ ጎማውን ይለኩ። ከላይ እስከ መሬት ግን አይለኩ፤ መኪና የቆመበት ጎማ ከታች ትንሽ ይተኛል። ከመሐሉ እስከ ጫፉ ወደ ላይ ይለኩ። ፎቶው ላይ 12 ሚሊ ሜትር ሆነ እንበል። በሞዴሉ ያው ልክ 37.5 ሚሊ ሜትር ነው። 37.5ን ለ12 ያካፍሉ፤ 3.125 ይመጣል። ከዚያ በኋላ ፎቶው ላይ የሚለኩትን ሁሉ በዚህ ቁጥር ያባዙ። በሩ 20 ሚሊ ሜትር ከሆነ በሞዴሉ 62.5 ነው። ፎቶው ከቅርብ የተነሳ ከሆነ የጎንዮሽ ልኮች ወደ ዳር ሲሄዱ ይዛባሉ። ስለዚህ ለመለኪያ የሚጠቀሙበት ጎማ ለሚለኩት ነገር የሚቀርበው ይሁን።

ስፋቱን የጎን ፎቶ አይሰጥዎትም። እዚያ የሚያግዝዎት ትዝታዎ ነው፤ ቀልዴን አይደለም። መሪው ፊት ተቀምጠው ክንድዎን መስኮቱ ላይ ያሳርፉ ነበር? ክርንዎ ከትከሻዎ ወደ ጎን በምን ያህል ይርቅ ነበር? አጠገብዎ ስንት ሰው ተጠጋግቶ ይቀመጥ ነበር? ወንበር ላይ ተቀምጠው ያንን በሜትር ይለኩትና በ14 ያካፍሉት። ፎቶ የማይነግርዎትን ሰውነትዎ ያውቀዋል።

ከዚያ ብረቱን ሳይነኩ ሙሉውን ጋቢና በወፍራም ካርቶን ይሥሩት። ሻንሲው ላይ ያስቀምጡት። ዓይንዎን ዝቅ አድርገው፣ መንገድ ዳር ቆሞ መኪና እንደሚያይ ሰው ይመልከቱት። የሆነ ነገር ቅር ካለዎት ቅር ያለዎት እውነት ነው። ካርቶን በመቀስ ይታረማል። እኔ አራተኛው ካርቶን ላይ ሳልደርስ ላሜራ አልቆርጥም።

ጥያቄ፦ ጋቢናዬ ናስ ነው። አንዱን ማዕዘን በይጄ ሁለተኛውን ስጀምር የመጀመሪያው ይላቀቃል። ካውያዬ ለኤሌክትሮኒክስ የምጠቀምበት 30 ዋት ነው። ልተወው ይሆን?

መልስ፦ እንዳትተዪው እህቴ። ጥፋቱ የእጅሽ አይደለም፤ ካውያው አንሶብሽ ነው። ናስ ሙቀትን ቶሎ ያስተላልፋል። ትንሽ ካውያ መጋጠሚያውን ለማሞቅ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል። አንቺ ስትጠብቂ ሙቀቱ በላሜራው ላይ ሄዶ የቀደመውን ብየዳ ያቀልጠዋል። ስለዚህ ነገሩ እንደሚመስለው አይደለም፤ ትልቅ ካውያ ሥራውን ያድናል እንጂ አያበላሽም። ከ80 እስከ 100 ዋት፣ ጫፉ ሰፊና ጠፍጣፋ የሆነ ያዢ። ነካ አድርገሽ፣ አቅልጠሽ ወዲያው አንሺ።

መጋጠሚያውን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈትጊው። ከዚያ በጣትሽ አትንኪው፤ የጣት ቅባት ሊድ ያባርራል። የብየዳ ፓስታ ቀቢ። ሁለቱንም ጠርዝ ለየብቻ በስሱ ሊድ አልብሻቸው። በስኳድራ አቁመሽ እያያዝሽ በሦስት አራት ነጥብ ብቻ ያዢው፤ ልኩን እንደገና አረጋግጪ። ሙሉ መስመሩን የምትሞዪው ከዚያ በኋላ ነው።

ሊዱ ሲቀልጥ በደንብ እዪው። መጀመሪያ እንደ ጠጠር ይቆማል። ቀጥሎ ይድበለበልና ዶቃ ይመስላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ያዘ» ብሎ ካውያውን ያነሳል። አልያዘም፤ ሊዱ እንጂ ናሱ አልሞቀም። አንድ ሁለት ሰከንድ ታገሺ። ዶቃው ድንገት ይጠፋል፤ ውሃ ሆኖ መጋጠሚያውን ተከትሎ ይሮጣል፤ ከኋላው ቀጭን የብር መስመር ይተዋል። ያኔ ካውያውን ቀስ ብለሽ ከፊቱ ምሪው፤ ሊዱ ሙቀቱን ይከተላል። እኔ ስንት ዓመት ሠርቼም ይህን ስመለከት እስትንፋሴን እይዛለሁ።

የቀደመውን ብየዳ ለመጠበቅ በውሃ የራሰ ጥጥ ወይም ጨርቅ ላዩ ላይ አድርጊ። ከዚህም የሚያስተማምን ሌላ መንገድ አለ። ሊዶች የሚቀልጡበት ሙቀት ይለያያል። እርሳስ የሌለበት የተለመደው ዓይነት 217 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። 60/40 የሚባለው ከ183 እስከ 190 ነው። ቢስመዝ ያለበት ደግሞ 138 ላይ ይቀልጣል። ዋናውን አካል በመጀመሪያው፣ ማጠናከሪያዎቹን በሁለተኛው፣ ትንንሽ ጌጦችን በሦስተኛው ሥሪ። ቢስመዝ ያለበትን ሊድ ግን እርሳስ ካለበት ጋር አንድ መጋጠሚያ ላይ አታገናኚ። ሁለቱ ሲዋሃዱ ከ100 ዲግሪ በታች የሚቀልጥ ነገር ይፈጠራል፤ ጸሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አይቀልጥም፣ ቀጥሎ የምትበይጂው ነገር ግን ከሩቅ ያላቅቀዋል።

መስኮት ክፈቺ፣ ስትጨርሺ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ፓስታው አሲድ ያለበት ከሆነ ጋቢናውንም በውሃና በሶዳ፣ በጥርስ ብሩሽ እጠቢው። ካልታጠበ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ዝገት ከቀለሙ ሥር ይወጣል።

ሌላም ልጨምርልሽ። ማዕዘን ሁሉ መበየድ የለበትም። ላሜራውን ከውስጥ በኩል በሦስት ማዕዘን ሞረድ ቦይ አውጪለት። በሌላው ገጽ ቀጭን መስመር ብቅ ሲል አቁሚ። በእጅሽ እጠፊውና ቦዩን በሊድ ሙዪው። ማዕዘኑ ስለት ይሆናል። መስኮቶቹን ግን ከማጠፍሽ በፊት ቁረጪ። የታጠፈ ላሜራ ለመጋዝ አይመችም።

ጥያቄ፦ ናስ ላይ የቀባሁት ቀለም በጥፍር ይላጣል።

መልስ፦ ናስ ልስልስ ስለሆነ ቀለም የሚይዝበት የለውም። በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ፍቀው፣ በአልኮል ጥረገው፣ ለብረት የተሠራውንና ላዩን በመጠኑ የሚበላውን ፕራይመር በስሱ ቀባ። ስቱኮ ካስፈለገህ ከፕራይመሩ በኋላ ነው። ቀለሙን በሦስት ስስ ንብርብር ስጠው እንጂ በአንድ ወፍራም አትልበጠው፤ በብዙ ድካም የሠራኸው ሪቬት ሁሉ ይሰወራል።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ያለ ጋቢና ሩቅ ድረስ ይታዘዘኛል። የብረት ጋቢናውን ስጭንበት ግን 15 ሜትር ሳይርቅ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ አንዳንዴ ጨርሶ አይሰማኝም። ሪሲቨሩ (መኪናው ውስጥ ያለው የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበለው) ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም። ብረት ሳጥን ውስጥ ዘግተህበት ነው።

ይህ በእኔም ደርሷል። የመጀመሪያ የናስ ጋቢናዬን ስጨርስ የሪሲቨሩን አንቴና ጠቅልዬ ከወንበሩ ሥር ደበቅኩት፤ ሽቦ እንዳይታይ ብዬ። ፊቴ ላይ በደንብ ሄደ። ዞሮ ጀርባውን ሲሰጠኝ መስማት አቆመ። ጋዙ እንደተያዘ ቀጥ ብሎ ሄዶ የድንጋይ ደረጃ ወረደ። የቀኝ ፓራፋንጎውና የፊት ፓራውልቱ ተጨማደዱ። ሦስት ሳምንት የሠራሁትን ፓራፋንጎ በእጄ ይዤ መቆሜን አልረሳውም።

ምክንያቱ ይህ ነው። የዛሬዎቹ ሪሞቶች በአብዛኛው በ2.4 ጊጋኸርዝ ይሠራሉ። የዚህ ሞገድ ርዝመት 12.5 ሴንቲ ሜትር ነው። የሪሲቨርህን አንቴና ብታየው ጫፉ ላይ 31 ሚሊ ሜትር ያህል የተላጠ ክፍል አለው፤ የሞገዱ ሩብ ማለት ነው። የሚሰማው ያ ጫፍ ብቻ ነው። የቀረው ሽቦ ማስተላለፊያ ነው። ብረት ሞገዱን ያግደዋል። በመስኮቶቹ በኩል ትንሽ ስለሚገባ ቅርብ ሆነህ ይታዘዝሃል፤ ስትርቅ ወይም ሲዞር ይጠፋል።

መፍትሔው ያቺን 31 ሚሊ ሜትር ከብረቱ ውጭ ማውጣት ነው። ጣሪያው ወይም ከጋቢናው ጀርባ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ብሳ። ጠርዙን አለስልሰህ የጎማ ቀለበት አስገባበት፤ የናስ ጠርዝ ሽቦ ይቆርጣል። የተላጠው ጫፍ በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ብረት አይንካው። እንዲያምርልህ ከፈለግክ የመኪናው የሬዲዮ አንቴና አስመስለው። የአየር ማጣሪያው ከፕላስቲክ የተሠራ ከሆነም እዚያ ውስጥ ይደበቃል። ጫፉን ግን አታሳጥረው፣ አትጠቅልለው።

ሁለተኛው ነገር ፌይልሴፍ ነው። ሪሲቨሩ ምልክት ሲያጣ ጋዙን ዜሮ እንዲያደርግ አስተካክለው። ከዚያ መኪናውን ሣጥን ላይ አስቀምጠህ ጎማዎቹን ከመሬት አንሳ። ጋዝ ስጥ፤ ጎማው እየዞረ ሳለ ሪሞቱን አጥፋ። ጎማው ወዲያው ካልቆመ መኪናውን መሬት አታውርደው። ከቆመ ደግሞ አንድ ሰው መኪናውን ይያዝልህና 30 እርምጃ ራቅ። መኪናውን በአራቱም አቅጣጫ እያዞረው አንተ መሪውን ግራ ቀኝ በል። ጀርባውን ሰጥቶህ ጎማው ካልተንቀጠቀጠ ጋቢናህን በብሎን እሰረው።